ከውጭ የመጣው የሽጉጥ ማኅደር

ሰው ሁሉ ማንም ሳያዝዘው የሚሠራት አንዲት ነገር አለችው። አንዱ ሬዲዮ ይፈታል፤ መልሶ መግጠም ስለማይችል ሌላ ሬዲዮ ይፈልጋል። ሌላው የማያውቀውን ሰው ክርክር ለመስማት ከፍርድ ቤት አይጠፋም። የእናንተን እናንተ ታውቃላችሁ፤ የለኝም የምትሉ ካላችሁ ባለቤታችሁን ጠይቁ። የእኔ ቆዳ መስፋት ነበረች። ጫማ ወይም ኮርቻ ብሰፋ እንኳ አንድ ነገር ነው፤ እኔ የምሰፋው የሽጉጥ ማኅደር ነው። ሽጉጥ የለኝም፤ ተኩሼም አላውቅም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ እኔም በሆሳዕና የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ያን ጊዜ ሽጉጥ ያለው ሰው ሽጉጡን ይወለውለዋል፣ ገበያ ያወጣዋል፣ ልቅሶ ይዞት ይሄዳል፤ መተኮሱን ግን እምብዛም አይተኩሰውም፤ ጥይት እንደ ልብ አይገኝም። እንግዲህ ተመልካች የሚያየው ሽጉጡን ሳይሆን ማኅደሩን ነው። እኔም ለወዳጅ ለዘመድ በነጻ እሰፋ ነበር። በነጻ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፤ በነጻ የሚሰፋ «እጁ ብልህ ነው» ይባላል፤ ለእንጀራው የሚሰፋ «ፋቂ» ይባላል።

ይህን ነገር ለማታውቁት ላስረዳ። በአገራችን ቆዳ ሠሪ የሠራውን እንታጠቃለን፣ እንጫማለን፣ እንተኛበታለን፤ ከሠሪው ጋር ግን አንበላም፣ አንጋባም። እኔን ያስተማሩኝ ከከተማው ዳር የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ቆዳ ሠሪ ናቸው። ቆዳ ማልፋት፣ ክር በሰም ማሸት፣ የራሰውን ቆዳ በእንጨት ሽጉጥ ላይ ጠፍሮ መልክ እስኪይዝ ማድረቅ፣ ሁሉን ከእሳቸው አገኘሁ። አንድ ቀን ከቤታቸው ቆጮ አቀረቡልኝ። ከመቁረሴ በፊት ሰው እንዳያየኝ ወደ በሩ ዞር ብዬ አየሁ። እሳቸውም ሳይ አዩኝ። ይህ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

አሁን ወደ አማረች። አማረች ከክሊኒክ ቁስል የምታጥብና የምታሽግ ድሬሰር ናት፤ የዶዮገናው ባላባት የግራዝማች ሎምባሞ ልጅ። እኔና እሷ ተስማምተን ነበር፤ የቀረው የአባቷ ፈቃድ ነው። ሽማግሌ ላክሁ። ግራዝማች ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀበሉ፣ አበሉ፣ ስለ እኔ ጽሕፈት መልካም ነገር ሰምተናል አሉ። ቀጥለውም ልጁ ከጓዳው ቆዳ ይሰፋል ሲባል ሰምተናልና ቆዳ ለሚሰፋ ልጅ አንሰጥም ብለው ሸኟቸው።

ይህን ሲናገሩ ከወገባቸው ላይ ያለው ማኅደር የእኔ ሥራ ነበር።

ይህ ደግሞ እንዴት ሆነ ትሉ ይሆናል። በሆሳዕና ትልቅ ሱቅ ያላቸው ጉራጌው አቶ ሽኩር ወዳጄ ናቸው። ከወራት በፊት ግራዝማች ከሱቃቸው ገብተው ለሽጉጤ ደህና ማኅደር ከውጭ አገር አስመጣልኝ አሏቸው። ሽጉጣቸውን ለማንም ስለማይሰጡ ራሳቸው ወረቀት ላይ አስተኝተው በእርሳስ ዙሪያውን ከበቡት። አቶ ሽኩር ወረቀቱን ለእኔ አመጡ። ሰፋሁ። የአገር ልጅ ሥራ ነው ብላቸው ኖሮ አይነኩትም ነበር አሉኝ፤ እኔም ሳቅሁ። ቀኑ ሲደርስ ግን የሳቅሁበት ነገር መልሶ እኔኑ አገኘኝ። አማረች ሁለት ቀን አለቀሰች፤ እኔ ከዚያ በላይ፤ ግን ጸሐፊ ስለሆንኩ መዝገብ እያገላበጥኩ ነው ያለቀስኩት።

በሳምንቱ ግራዝማች ራሳቸው ከቢሮዬ ከተፍ አሉ። ያፍራሉ ብዬ ነበር፤ እኔ ነኝ ያፈርኩት።

«ያ ጉዳይ ያ ነው፤ ይኼ ይኼ ነው» አሉና ተቀመጡ። «እንግሊዝኛ በጽሕፈት መኪና የሚጽፍ አንተ ብቻ ነህ አሉኝ። ይህን ማኅደር ለሠራው ፈረንጅ ደብዳቤ ጻፍልኝ። ሁለተኛ እፈልጋለሁ።»

መጀመሪያ በአማርኛ ልጻፈውና ይፈርሙበት፣ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ እገለብጠዋለሁ አልኩ። ተስማሙ። ዓይናቸውን ከጣሪያው ላይ ተክለው ያስጽፉኝ ጀመር። እጅህ ይባረክ በል። ሽጉጤ ከእናት ማሕፀን እንዳለ ልጅ ገብቶ ተኛ በል። ክሩ ዝናብ መትቶት አልላላም በል። እኔም እየጻፍኩ ነው። ምስጋና ከጠላት ቢሆን እንኳ ይጣፍጣል፤ ይህ ደግሞ ከአማት ነው፣ ባይሆኑም። ቀጥለው ትንሽ አሰቡና፦

«እንዲህ ያለ እጅ ያለው ሰው እዚህ አገር ቢገኝ ልጄን እሰጠው ነበር፣ በል» አሉ።

ጣቴ ከመኪናው ላይ ቀረ። «ይህም ይጻፍ ግራዝማች?»

«ጻፈው። ምን አለበት፣ እሱ ሩቅ ነው።»

ጻፍኩት። አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙበት፤ ሽኩር ያደርስልኛል ብለው አመስግነውኝ ወጡ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የጣት ወለምታስ? ደብዳቤውን ይዤ ወደ አቶ ሽኩር ሮጥኩ። አንብበው ጨረሱና ወረቀቱን አጠፉት። ይህን በሽማግሌ ፊት ብናወጣው ሰውየው ይዋረዳሉ፣ የተዋረደ ሰው ደግሞ ልጁን አይሰጥም፤ ነገሩን የጠመዘዝኩት እኔ ነኝና እኔው እፈታዋለሁ አሉኝ። ብቻቸውን ዶዮገና ሄደው ግራዝማችን ከእንሰቱ መሐል ወስደው ሁለት ወረቀት ዘረጉላቸው፤ አንዱ ራሳቸው በእርሳስ የከበቡት ሽጉጥ፣ አንዱ ራሳቸው ያተሙት ደብዳቤ። የውጭ ነው ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ የሰፋው ያ ጸሐፊ ነው አሏቸው።

አቶ ሽኩር እንደነገሩኝ፣ ግራዝማች አልተቆጡም። ማኅደሩን ከወገባቸው ፈቱ፣ ወደ ብርሃኑ ዞረው ስፌቱን አንድ በአንድ አዩት። ደብዳቤውንም አዩት። በመጨረሻም «ጣቱ የእኔ ነው» አሉ። ጥቂት ተራምደው ተመለሱና ፍርዳቸውን ሰጡ።

«ልጄን ይውሰድ። ማኅደሩ ግን የውጭ ነው።»

እኔም ተስማማሁ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ክብራችሁን ትታችሁ አማረችን ትወስዱ ነበር፤ እኔም ያደረግሁት ያንኑ ነው። ብቻ ሁለተኛው ማኅደር ለሠርጉ ቀን «ከውጭ» መድረስ ነበረበት፤ ስቸኩል ወስፌው አውራ ጣቴን ወጋኝ፤ አማረች ራሷ አጥባ በነጭ ፋሻ ጠቀለለችልኝ።

በሠርጉ ዕለት አማቴ አዲሱን ማኅደር ታጥቀው እንግዳ መሐል ሲዞሩ ዋሉ። ከዳምቦያ የመጡ አንድ የተከበሩ አዛውንት ስፌቱን ዳበሱ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ወደ እኔም ዞረው እንዲህ ያለ እጅ ያለው ሰው ከእኛ መቼ ይወጣ ይሆን ልጄ ብለው ጠየቁኝ። ገና ነው አባቴ፣ ይቆያል አልኳቸው። አዛውንቱ ግን ዓይናቸው ከፋሻዬ ላይ አረፈ፤ ሙሽራውን ጣቱን ምን አገኘው አሉ።

እኔ ውሸት ስፈልግ አማቴ ቀደሙኝ። ክንዳቸውን ከትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው፣ ድምፃቸው ሳይወላውል፦

«የጽሕፈት መኪና ነው የወጋው» አሉ። «የእኔ ልጅ እንዲህ ነው፣ ሥራ አይመርጥም።»