ዶክተር ምናልባት ያላሉበት ቀን

በየትኛውም መሥሪያ ቤት፣ ቁርጥ ያለ መልስ ከአፉ ከሚወጣ ጥርሱ ቢነቀል የሚመርጥ አንድ ሰው አይጠፋም። የእናንተው ማን እንደሆነ አላውቅም። የእኛውን ግን አሥራ ስምንት ዓመት አውቃቸዋለሁ። የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ ናቸው። በሌሉበት "ክቡር ዶክተር ምናልባት" እንላቸዋለን።

እኔ የምርምር ጣቢያችን ለገበሬዎች የሚያሳትመውን ወርሃዊ ጋዜጣ አዘጋጃለሁ። ሥራዬ ተመራማሪዎቹ የጻፉትን ሰው እንዲገባው አድርጎ ማቅናት ነው። ከክቡርነታቸው ጽሑፍ፣ በሁለት ገጽ ውስጥ ሠላሳ አንድ "ምናልባት" ቆጥሬ አውቃለሁ። እኔ በቀይ እስክሪብቶ እሰርዛለሁ፤ እሳቸው በእርሳስ፣ በትሕትና፣ ከጎኑ መልሰው ይጽፉታል። "ልጄ፣" ይሉኛል መነጽራቸውን እየጠረጉ፣ "ያላረጋገጥኩትን ነገር አምኖ ሰው ቢከስር እንቅልፍ ይወስደኛል?"

ጃንጥላቸው ውሃ እያንጠባጠበ ቢሮ ሲገቡ "ውጭ እየዘነበ ነው እንዴ ዶክተር?" ብላቸው "እኔ በመጣሁበት በኩል፣ አዎ" ይላሉ። ስንት ልጆች እንዳሏቸው ሲጠየቁ "እስካሁን በእጄ ባለው መረጃ ሦስት" ብለዋል። አንድ ጊዜ ጉልበታቸውን አሟቸው ሐኪም ቤት ሄዱ። ሐኪሙ አገላብጦ አየና "ሪህ ነው" አላቸው።

"ስንት ናሙና አይተው ነው?" አሉት።

"ሁለት ጉልበት።"

"ሁለትማ አይበቃም" ብለው እያነከሱ ወጡ።

የባለቤታቸው ወሬ ደግሞ ይብሳል። "ለትዳር ሲጠይቀኝ እንኳ 'አሁን ባለው ሁኔታ የምወድሽ ይመስለኛል' ነው ያለኝ" ብለው አጫወቱኝ። "ይኸው ሠላሳ ዓመት የመጨረሻውን ውጤት እየጠበቅኩ ነው።"

እንግዲህ እንዲህ ስንስቅባቸው ኖረን፣ ያለፈው ዓመት የድንች ተከላ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ከመጋዘን ለገበሬው የሚከፋፈለውን የዘር ድንች መመርመር ጀመሩ። ላዩ ሲታይ ምንም የለበትም፣ ደህና ድንች ነው። እሳቸው ግን ሦስት ቀን ሙሉ ከወንበራቸው ሳይነሱ አራት መቶ ድንች ቆርጠው አዩ። ከዚያ እኔ ሳልኖር መጥተው ግማሽ ገጽ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ወደ ማሳ ሄዱ። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ "የዘንድሮው የዘር ድንች አጠውላጊ ባክቴሪያ አለበት። አትትከሉት። ከተተከለ መሬቱንም ለዓመታት ይበክላል።"

አንድም ምናልባት የለውም።

እዚህ ላይ የሠራሁትን ሳስበው አሁንም ፊቴ ይግላል። ጋዜጣው ማተሚያ ቤት የሚገባው በዚያው ጠዋት ነበር። ወረቀቱን አየሁና ሳቅኩ። ቸኩለው ረስተውት ነው፣ ነገ መጥተው ከሚጨቀጭቁኝ እኔው ላግዛቸው አልኩ። አሥራ ስምንት ዓመት ስሰርዘው የኖርኩትን ቃል በገዛ እጄ ጨመርኩት። "የዘንድሮው የዘር ድንች ምናልባት ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል፤ ባይተከል ይመረጣል።" ደውዬ መጠየቅ እችል ነበር። ስልክ ቁጥራቸውን ከወረቀቱ ግርጌ ጽፈውልኝ ነበር፤ ከዚህ በፊት አድርገውት አያውቁም። እኔ ግን እሳቸውን ከእሳቸው በላይ የማውቃቸው መስሎኝ ነበር።

አክስቴ ከከተማው ወጣ ብላ ድንች ታመርታለች። ያቺ ማሳ ናት እሷንም፣ ወላጆቼ ካለፉ በኋላ እኔንም ያኖረችን። ጋዜጣው እንደደረሳት ደወለችልኝ።

"ምናልባት ይላል እኮ" አለችኝ። "ምናልባትማ ነገም ልሞት እችላለሁ፤ ታዲያ ዛሬ ራቴን ልተው?"

"ሰውዬው ሁሌም እንደዚያ ናቸው አክስቴ" አልኳት እየሳቅኩ። "ዝናቡንም ይጠራጠሩታል።"

ተከለች።

በሁለተኛው ወር ድንቹ ቅጠሉ ገና አረንጓዴ እያለ እኩለ ቀን ላይ አንገቱን ይደፋ ጀመር። ዶክተሩን ይዣቸው ሄድኩ። አንድ ግንድ ቆርጠው ውሃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ አንጠለጠሉት። ወዲያው ከተቆረጠው በኩል ነጭ፣ ቀጭን ክር የመሰለ ነገር ወደ ታች መውረድ ጀመረ። ባክቴሪያው ራሱ ነው። ብርጭቆውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

አክስቴ ብርጭቆውን አየች፣ ማሳዋን አየች። "ዶክተር፣ እንዲህ ቁልጭ አድርገው የሚያውቁት ከሆነ ጋዜጣው ላይ ምነው ተጠራጠሩ?"

ጋዜጣውን፣ ተከላው ካለፈ በኋላም ቢሆን፣ አንብበውታል። ማን እንደጨመረው ያውቃሉ። ቀና ብለው አዩኝ፤ እኔ ዓይኔን ብርጭቆው ላይ ተከልኩ።

"ጥፋቱ የኔ ነው እናቴ" አሏት። "ጠንከር አድርጌ መጻፍ ነበረብኝ።"

ስንመለስ መኪና ውስጥ ላወራ አፌን ስከፍት በእጃቸው አስቆሙኝ። "ስንት ዓመት ያንን ቃል ካስለመድኩሽ በኋላ አንድ ቀን ብትጨምሪልኝ ምን ይገርማል? ደግሞ ሴትዮዋ በኔ ቢቀየሙ እኔ መንገደኛ ነኝ። ላንቺ ግን እናትሽ ናቸው።" ይህን ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ጥርጣሬ የሚባል ነገር አልነበረም። ያን ጊዜ ነው ምን ያህል እንደምወዳቸው የገባኝ። ብወዳቸውም ዝም አልኩ። ዝምታው ተመቸኝ።

ባለፈው ወር ጡረታ ወጡ። ሽኝታቸው ላይ ስለ ጃንጥላውና ስለ ጉልበታቸው አውርቼ አዳራሹን አሳቅኩት፤ እሳቸውም ሳቁ። አክስቴ ድንች የማያበቅል መሬት ታቅፋ ቀርታለች። ለጎረቤቶቿ "ያ ሳያውቅ የሚጽፍ ዶክተር" እያለች ትረግማቸዋለች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ እሰማለሁ።

ይህን ጽሑፍ ለኅትመት ከመስጠቴ በፊት ዛሬ ጠዋት ሄጄ አነበብኩላት። እስከ ጡረታቸው ድረስ ያለውን ሳታቋርጠኝ ሰማች።

"ሰውዬው ቤታቸው የት ነው?" አለችኝ።

"ለምን አክስቴ?"

"ይቅርታ ልጠይቃቸዋ። ስረግማቸው ነው የከረምኩት።"

"አብረን እንሂድ" አልኳት።

"አድራሻውን ጻፊልኝና ሂጂ።"

ጻፍኩላት። ወረቀቱን ተቀብላኝ፣ እንደ ወትሮው ሳትሸኘኝ፣ ወደ ጓዳ ገባች፤ እኔም በሩን ራሴ ዘግቼ ወጣሁ።