ካፒቴን ኃይለኪሮስ ጄት ሲያዩ

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ መኪና ሊገዛ ብቻውን የሚሄድ ሰው የለም። «የሚያውቅ ሰው» ይዞ ይሄዳል። በየሰፈሩ አንድ የሚያውቅ ሰው አለ፤ ካልጠሩት ይቀየማል፣ ከጠሩት ደግሞ ገበያውን ያፈርሳል። ኮፈኑን ያስከፍታል፣ በሩን በጣቱ ቋ ቋ ያደርጋል፣ ጆሮውን ያስጠጋል፣ ከዚያም መጥፎ ውጤት እንዳየ ሐኪም ራሱን ይነቀንቃል። ገዢው ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ ሻጩ ይራገማል፣ የሚያውቀው ሰው ግን ነፍስ እንዳዳነ ሁሉ ኮርቶ ማኪያቶውን ይጠጣል።

የገርጂው የሚያውቅ ሰው ክቡር ካፒቴን ኃይለኪሮስ ናቸው። የኮንዶሚኒየም ጎረቤታቸው አብዱልገኒ መድኃኒት ቤት አለው፤ መኪና ሊገዛ ካፒቴኑን ይዞ መዞር ከጀመረ ስድስት ዓመት ሆነው፤ ዛሬም መገናኛ ተሰልፎ ታክሲ ይጠብቃል። አንዷን «ይቺ በር የሌላ መኪና ልጅ ናት» አሉበት። ሌላዋን ዞረው እንኳ ሳያዩ «ባለቤቱ ፈገግታ አበዛ» ብለው ጣሏት። ደላላ ሁሉ በቃሉ የያዘላት አንዲት አባባል ነበረቻቸው፦ «ደህና ነገር የሚሸጥ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።»

ነገሩ በመኪና ቢያበቃ መልካም ነበር። ረዳት አብራሪያቸው ማራናታ ላይ ግን በጄት መጣባት። ሁለቱ የሚሠሩበት ድርጅት ቦሌ ካሉት ትንንሽ አየር መንገዶች አንዱ ነው። ሁለት ጄት አለው ቢባልም፣ የአንደኛው ዕቃ እየተፈታ ለሌላኛዋ ስለሚገጠም፣ አብራሪዎቹ «አንድ ተኩል» ይሉታል። ባለቤቱ አቶ ኣክሊሉ ወደ አየር ከመውጣታቸው በፊት ጎማ ያስመጡ ነበር፤ ያገለገለ ጄት መግዛትን ያገለገለ ሲኖትራክ ከመግዛት ለይተው አያዩትም። ሦስተኛ ጄት ሲያምራቸው ታዲያ በአገሩ ወግ የሚያውቅ ሰው ላኩ።

የመጀመሪያው ጄት በረሃ ላይ ቆሞ ነበር። ካፒቴኑ ሞተሩን በባትሪ ሲያዩ የወፍ ጎጆ አገኙ፣ ያውም ባዶ። «ወፏ እንኳ ትታው ሄዳለች» ብለው ደወሉ። የሁለተኛው ወንበሮች በሙሉ አዲስ ቆዳ ለብሰዋል። «አዲስ ወንበር ስታይ ምንጣፉን ግለጥ» አሉና ገለጡት፤ ወለሉ ተበልቷል። ሦስተኛው ግን ሙሉ ነበር፣ የአንድ ማረፊያ እግሩ ወረቀት ከመጥፋቱ በቀር። አይሮፕላን ላይ ያለ ዕቃ ሁሉ የት ተወልዶ የት እንዳደገ የሚናገር ወረቀት ሊኖረው ግድ ነው። «መታወቂያ በሌለው እግር ላይ ሰው አላሳርፍም» ብለው እሱንም መለሱት።

እንዲህ ሦስት ዓመት አለፈ። ማራናታን ምርር አላት። አብራሪ ካልበረረ አያድግም፤ ካፒቴን ለመሆን መቶ አሥር የበረራ ሰዓት ቀርቷታል፤ ያቺ አንድ ተኩል ጄት ደግሞ ከምትበርበት ቀን የምትቆምበት ይበዛል። ነቀምቴ ያሉት እናቷ ትከሻዋ ላይ አራተኛዋ የካፒቴንነት መስመር እንድትጨመርላት የጸሎት ቡድኑን በየሳምንቱ ያስጸልያሉ። «እግዚአብሔርማ እሺ ብሎ ነበር» አለች አንድ ቀን ስልክ ላይ፤ «ካፒቴን ናቸው እንቢ ያሉት።»

በመጨረሻ አቶ ኣክሊሉም ታከታቸው። መግዛቱን ትተው ያለችውን ሊሸጡ ወሰኑ። አይሮፕላን ሲሸጥ ደግሞ አብራሪው አብሮ ይሸጣል። ፈቃዱ ለዚያ ዓይነት አይሮፕላን ብቻ ነው፤ ለሌላ ዓይነት የሚያሠለጥነው ካላገኘ፣ ዩኒፎርሙን ሰቅሎ ቤቱ መቀመጥ ነው። ደግነቱ፣ ከጎረቤት አገር የመጣው ገዢ ጄቷን ከወሰደ አንድ ካፒቴንና አንድ ረዳት ለአንድ ዓመት አብሮ እንደሚወስድ ተናገረ። ለማራናታ ከዚህ ሌላ በር አልነበረም። ለካፒቴኑም እንደዚያው፤ ስልሳ አምስት ሲሞላቸው ሕጉ ከመንገደኛ አይሮፕላን ያወርዳቸዋል፣ የቀራቸውም ይቺው አንድ ዓመት ናት።

የገዢው ፍተሻ ማክሰኞ ነበር። ቅዳሜ ዕለት ገርጂ ቤታቸው ሄደች።

«ካፒቴን፣ በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ ማክሰኞ ምንም እንዳይናገሩ።»

«ምን እናገራለሁ?»

«ያውቁታል። እንከን ያወጣሉ።»

«እኔ እንከን አላወጣም፤ ያለውን ነው የማሳየው። የሚገዛትም እኮ ሰው ነው የሚጭንባት።» ብርጭቆውን ወደ እሷ ገፋ አድርገው «ሻይ ጠጪ እንጂ» አሏት።

ሻዩን ሳትጠጣ ወጣች። የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ስትወርድ ጠልታቸው ነበር፣ ከልቧ።

የገዢው ፈታሽ ካፒቴን ጣሃ የድሬዳዋ ልጅ ነው። ሃንጋሩ ውስጥ ገብቶ የጄቷን ሆድ በጣቱ ቋ ቋ ሲያደርግ ማራናታ ነገሩ ገባት፤ በሚያውቅ ሰው ላይ የሚያውቅ ሰው መጣ። ካፒቴን ኃይለኪሮስ ከኋላው እየተከተሉ ያልጠየቃቸውን ሁሉ ነገሩት። የቀኙ ፍሬን ቶሎ ይግላል። የኋላው በር በክረምት ያንጠባጥባል። ሁለተኛው ሞተር ጠዋት ጠዋት ይለግማል። አቶ ኣክሊሉ በዓይናቸው ቢለምኗቸው ዞር ብለውም አላዩዋቸው። ጣሃ ግን የሰማውን ከጄቷ መዝገብ ጋር ባመሳከረ ቁጥር ፊቱ እየተፈታ ሄደ።

«አርባ አይሮፕላን ፈትሻለሁ» አለ በመጨረሻ፤ «አፉና መዝገቡ አንድ የሆነ ሻጭ ገና ዛሬ አየሁ። እንወስዳታለን።»

አቶ ኣክሊሉ ተመስገን ብለው ስልክ ሊደውሉ ወጡ። ጣሃ ሁለቱን አብራሪዎች አስከትሎ ጄቷ ውስጥ ገባና የአብራሪው ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀሪዎቹን ገጾች ሲያገላብጥ ቆየና አንዱ ላይ ቆመ።

«ጅግጅጋ ላይ ከባድ ማረፍ ይላል። ከሁለት ዓመት በፊት።»

ያን ቀን መሪውን ይዛ የነበረችው ማራናታ ናት። የጎን ነፋስ ነበር፣ ዘግይታ የጄቷን አፍንጫ ቀና አደረገች፣ ጄቷ መሬቱን መታችው፣ መንገደኛው ጮኸ። ከዚያ በኋላ ማንም ስላልጠየቃት ተረሳ ብላ ነበር።

«ሦስት ቀን ቆማ ተመርምራለች» አሉ ካፒቴን ኃይለኪሮስ፤ «ውጤቱ ከጀርባው ነው።»

«አየሁት፤ ንጹሕ ነው። እኔ የገረመኝ ያሳረፈው ሰው ነው።» ጣሃ አሳራፊ ተብሎ የተጻፈው ስም ላይ ጣቱን አደረገ። «እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

ስለ ጄቷ አንዲት ነገር ያልደበቁት ሰውዬ፣ በዚያ ሁሉ መዝገብ ውስጥ የዋሹት እዚያች መስመር ላይ ብቻ ነበር። ማራናታ አየቻቸው፤ እሳቸው ግን በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያሉ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ካፒቴን» አለ ጣሃ፤ «የእኛ ኢንሹራንስ በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ያለበትን አብራሪ አይቀበልም። ካፒቴን ከሌላ ቦታ እንፈልጋለን። ረዳቷስ እንዴት ናት?»

«እሷን ውሰዳት። እንከን የላትም።»

ካፒቴኑና ማራናታ አንድ ላይ ወረዱ። ከደረጃው ሥር ሲደርሱ ማራናታ ክንዳቸውን ያዘች።

«ለምን?»

«እጄን አጣጥፌ ያየሁት እኔ አይደለሁ? መሪውን ቀድሜ መቀበል ነበረብኝ። ደግሞስ ያኔ ሃያ አምስት ዓመትሽ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ እንዲህ ያለ ነገር ከተጻፈብሽ ማን ይቀጥርሻል?»

«አንድ ዓመትዎን እኮ ወሰዱብዎት።»

«አንድ ዓመት ምን አላት» አሉ። ፊታቸውን አዙረው፣ ምንም ያልሆነውን ጎማ ጎንበስ ብለው ያዩ ጀመር።

ጣሃ ገና ላይ ነው፣ መዝገቡም ጭኑ ላይ እንደተዘረጋ ነው፣ በሩም ክፍት ነው። ስድስት ደረጃ ወጥታ «እኔ ነበርኩ» ብትል ያልቃል። እኚህን ነዝናዛ ሽማግሌ ከአባቷ እኩል እንደምትወዳቸው ማራናታ ያወቀችው እዚያ ቆማ ነው። አልወጣችም። ቦርሳቸውን ተቀብላ እስከ ሃንጋሩ በር ሸኘቻቸው።