ስቅለትን በኪሴ የዋለው ስልክ

ሱሪ ሰፊዎችና ስልክ ሠሪዎች ተገናኝተው የሚያውቁ አይመስለኝም። ቢገናኙማ ኖሮ እነዚያ ኪስ ሲያሳጥሩ እነዚህ ስልክ አያስረዝሙም ነበር። ታስታውሱ እንደሆነ፣ ስልክ መጀመሪያ እጃችን ሲገባ በየጊዜው እያነሰ ነበር የሚሄደው። ትንሽ ስልክ የያዘ ሰው ትልቅ ሰው ነበር። ከዚያ በመሀል ምን እንዳገኛቸው እንጃ፣ ሐሳባቸውን ለወጡ፤ ስልኩ እየሰፋ፣ እየረዘመ፣ እየሳሳ ሄዶ ስስ ቂጣ አክሎ ቁጭ አለ። ቂጣ ደግሞ በኪሱ ይዞ የሚዞር ሰው አይቼ አላውቅም ልል ነበር። በልጅነቴ እኔው ይዤ ዞሬያለሁ። ይሰበር ነበር።

አሁን ጎንደር አራዳ ላይ ቆማችሁ አላፊ አግዳሚውን እዩ። ወጣቱ ስልኩን ከኋላ ኪሱ ሻጥ አድርጎ ግማሹን ለነፋስ ይተወዋል፤ ባጃጅ ውስጥ ሊቀመጥ ሲል ግን እንደ ሽጉጥ መዝዞ ያወጣዋል። ሴቶቹ ቦርሳቸው ውስጥ በመሀረብ ጠቅልለው ይይዙታል። እንደኔ ያለው ሽማግሌ ኮቱ ውስጥ፣ ልቡ ላይ ይለጥፈውና ጥሪ በመጣ ቁጥር ሕመም እንደጀመረው ሰው ደረቱን ይጨብጣል። ሁሉም በልቡ የያዘው ጥያቄ አንድ ነው። ይኼ ስስ ነገር የዕለት ኪስ ይችላል ወይ?

እኔ መልሱን አግኝቻለሁ። ያገኘሁትም በገዛ ሱሪዬ ነው።

ልጄ ቅድስት አዲስ አበባ ትሠራለች። ጾሙ ሊፈታ ሲቃረብ በአውቶቡስ መንገደኛ እጅ አንድ ካርቶን ላከችልኝ። ብዙ የምናገር ሰው አይደለሁም፤ የሚያውቁኝ ያውቃሉ። ካርቶኑን ስከፍት ግን «እሰይ!» አልሁ ጮክ ብዬ። ስልኩ ከመዳፌ ይሰፋል፣ ከጣቴ ይሳሳል፣ ፊቱ እንደ ጥር ሰማይ የጠራ ነው። አገላበጥሁት፣ አሸተትሁት። አዎ፣ አሸተትሁት። አዲስ ነገር ሽታ አለው፤ እኔ ያንን ሽታ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ባለቤቴ እናንዬ አጠገቤ ቆማ አየችው።

«ሸጋ ነው» አለች። «በል አምጣው፣ ቁም ሣጥን ይግባ።»

«ምነው?»

«ይሰበራላ።»

«ታዲያ ምን ሊሠራልኝ ነው?»

«እንግዳ ሲመጣ እናሳያለን።»

«በምን ልደውል?»

«ባሮጌው። አሮጌው ምን አለህ?»

አሮጌው ምንም አላለኝም። ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ ከጣሪያ ቢወድቅ ባትሪው ወዲያ፣ ክዳኑ ወዲህ ይበተንና ሲሰበስቡት ይጮኻል። ግን እኔና ቁም ሣጥን የቆየ ጠብ አለን። ያደግሁት አምባ ጊዮርጊስ መናኸሪያ የድንች ጆንያ ስጭን ነው። እዚያ እንዴት እንደደረስሁ ይቆየን። ያሳደገችኝ አክስቴ አንድ ጊዜ እንደምንም ብላ ኮት ገዛችልኝ፤ ኪስ ያለው፣ ገበር ያለው። «ለደግ ቀን ይሁን» ብላ ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። የአምባ ጊዮርጊስን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ኮቱ ሣጥን ውስጥ ሞቆት ከረመ፣ እኔ ውጭ በረደኝ። ደጉ ቀን ሲመጣ እኔ አድጌ እጅጌው ክንዴ ላይ ቀረ። አክስቴ ክፉ ሰው አልነበረችም። እኔ ብቻ ከዚያ ወዲህ ሣጥን አልወድም።

ይህን ሁሉ ለእናንዬ አልነገርኋትም። የነገርኋት ስለ ባሌስትራ ነው። ዕድሜዬን የጨረስሁት ከጎንደር ደባርቅ የጭነት ማኪና ስነዳ ነውና ከማኪናው ሥር ያን ሁሉ ኩንታል የሚሸከመው ብረት ስስ ስስ ንብርብር መሆኑን አውቃለሁ። ወፍራም ብረት ጉድጓድ ሲገባ ይሰበራል፤ ባሌስትራ ግን እጥፍ ይልና ይመለሳል። ስስ ነገር ደካማ ነው ያለው ማን ነው? እንዲህ እያልሁ፣ እጄን እያወናጨፍሁ፣ ለዓመት የማልናገረውን በአንድ ማታ ተናገርሁ። እናንዬ ድንች እየላጠች ሰማችኝ።

«በል እሺ» አለች በመጨረሻ። «ከሆሣዕና እስከ ፋሲካ ኪስህ ይክረም። የሱሪ ኪስ። ለሰው ማስያዝ የለም። እንደገባ ከወጣ ያንተ ነው። አንድ ነገር ከሆነ ግን ቁም ሣጥን ይገባል፣ ቁልፉም እኔ ዘንድ ነው።»

አንድ ሳምንት! እየሳቅሁ ተስማማሁ። ምንኛ ቀላል ነገር ጠየቀችኝ አልሁ።

ከሆሣዕና እስከ ሐሙስ የነበረው እንደ ጨዋታ አለፈ። ቁልፌን ወደ ግራ ኪሴ አዛወርሁ። ባጃጅ ውስጥ እግሬን ዘርግቼ ተቀመጥሁ፤ ሾፌሩ ሒሳብ ሊጨምርብኝ ምንም አልቀረው። ቀሐ ወንዝ ወርጄ ወጣሁ። ገበያ ውስጥ ጭነት ያለው አህያ ጭኔን ገጭቶኝ ሲያልፍ እኔ ለጭኔ አልደነገጥሁም፤ ዘወር ብዬ ስልኩን ሳየው ደህና ነው። በየመንገዱ ይዞኝ የሚሄደው እሱ እንጂ እኔ አልመሰለኝም። አንድ ችግር ብቻ ነበረ፤ ቀኝ እግሬ መታጠፍ ትቷል። ሰሙነ ሕማማት ሰላምታ የለምና ሰው የሚያየው አረማመድ ነው። ጎረቤቴ አያ መልኬ ከበራቸው ላይ ሆነው ሲያስተውሉኝ ቆዩና፣

«እግርህን ምን ነካው?» አሉኝ።

«ስልክ ነው አያ።»

«ስልክ እግር ውስጥ መግባት ጀመረ?»

እግሬን እየጎተትሁ አለፍሁ። የምቀናበት ነገር የለኝም፣ ይቅኑብኝ እንጂ።

ዓርብ ስቅለት ነው። ማለዳ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ወጣን፤ እናንዬ ወደ ሴቶቹ፣ እኔ ወደ ወንዶቹ፣ አያ መልኬ ከጎኔ። ቄሶቹ ዜማውን አንሥተው ሕዝቡ መስገድ ሲጀምር እኔም ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ጉልበቴን አጥፌ ግንባሬን ወደ መሬት አወረድሁ።

ቀጭ አለ።

ብድግ ስል ከወንዶቹ ትከሻ በላይ አሻግሬ ሴቶቹን አየሁ። እናንዬ እኔን እያየች ነበር። ፊቷ ላይ ክፋት የለም፤ እንዲያውም ፍጹም ሰላም ነው ያለው። ያን ጊዜ ገባኝ። ስቅለት በዚያ ሳምንት ውስጥ እንዳለ እኔ ብረሳም እሷ አልረሳችም። ከዓመቱ ሳምንት ሁሉ ይህችን የመረጠችው በዓሉን ለማክበር አልነበረም።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? አልሰግድም እንዳልል ስቅለት ነው። ስልኩን አውጥቼ በእጄ ልያዝ እንዳልል፣ በዚህ ዕድሜዬ በዚህ ቀን ፎቶ ሊያነሣ ነው መባል ነው። ለአያ መልኬ ላስይዝ እንዳልል ውሌ ይፈርሳል። ውሉን ግን መላልሼ ሳስበው አንድ ቀዳዳ አገኘሁበት፤ ለሰው ማስያዝ የለም ተባለ እንጂ ለመሬት ማስያዝ የለም አልተባለም። ትንሽ ብቻ፣ እስኪያርፍ። ማንም ሳያየኝ ስልኩን ከኪሴ ሳብ አድርጌ ከፊት ለፊቴ የነጠላዬ ጫፍ ላይ አስተኛሁት፣ ሰገድሁ። ምንም ድምፅ የለም። ሌላም ሰገድሁ። እፎይ! በሦስተኛው ግንባሬ ወደ መሬት ሲወርድ ስልኩ በራ። መልእክት ገብቶለት ነው። በዚያ ሁሉ ነጭ ልብስ መካከል ፊቱን አብርቶ ወደ ላይ ያየኛል፤ እኔ ደግሞ ፊት ለፊቱ ተደፍቻለሁ።

«አንተ» አሉ አያ መልኬ በሹክሹክታ።

«አቤት አያ?»

«ለማን ነው የምትሰግደው?»

ከኋላችን ያሉት ሰሙ። በስቅለት አይሳቅምና ትከሻቸው ብቻ ነበር የሚስቀው። ስልኩን አፈፍ አድርጌ ኪሴ ከተትሁት። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ወረድሁ፣ ወጣሁ፤ ቀጭ ሲል አልሰማም፣ ቀጭ ሲል አልሰማም እያልሁ። ጉልበቴም አብሮ ቀጭ ይል ስለነበር አንዳንዱ ድምፅ የማን እንደሆነ መለየት አልቻልሁም።

መዓልቱ ሲያልቅ እንደ ልማዱ ቄሶቹ ወይራ ይዘው ቆሙ፤ ሰው በተራው ይቀርባል፣ ጀርባውን በወይራው መታ መታ ይደረጋል፣ የሚሰግደው ይጨመርለታል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የደረሱኝ ቄስ በዕድሜ ከልጄ ብዙም አይበልጡም፤ ቢሆንም «ልጄ» ይሉኛል። ጎንበስ እንዳልሁ አያ መልኬ ከኋላዬ፣

«አባቴ፣ ይኼ ሰውዬ ዛሬ ለስልክ ሲሰግድ ነው የዋለው» አሉ።

ወይራው አየር ላይ ቆመ።

«እውነት ነው ልጄ?»

«ከፊቴ አስቀምጬው እንጂ አባቴ…»

«አስቀምጠህ ሰገድህ?»

«እንዳይሰበር ብዬ ነው።»

«ጨምር» አሉ ቄሱ። ወይራውም ጠንከር አለ።

«አባቴ፣ ኪሴ…»

«ምን ሆነ ኪስህ?»

«ምንም።»

ከወይራው ሥር ፈቀቅ ብዬ የተጨመረልኝን ሰገድሁ። የመጨረሻው ላይ የወጣው ድምፅ ቀጭ አልነበረም። ረዥም ነበር፤ ጭነት የበዛበት ማኪና ዳገት ሲጀምር እንደሚያወጣው።

ቤት ገብተን ጉልባን ቀርቦ ሳለ እናንዬ እጇን ዘረጋች። ፋሲካን አልጠበቀችም። ስልኩን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁት። አልተኛም። እንደ ጣና ታንኳ ሁለቱ ጫፎቹ ቀና ብለዋል። እናንዬ አንዱን ጫፍ በጣቷ ጫን አደረገች፣ ሌላው ተነሣ፤ ለቀቀችው፣ ተወዛወዘ።

«ጎብጧል» አለች።

«ይሠራል» አልሁ።

«እንደገባ ከወጣ ነው ያልነው።»

በመዳፌ ጫን አድርጌ ላቃናው ሞከርሁ፤ እምቢ አለ። በዚህ ዕድሜ አንድ ሰው ዕቃ ሲያባብል መታየቱ ያሳፍራል፤ ቢሆንም አባበልሁት። እሷ አየችኝ። ስልኩ በዚያው ጠረጴዛው ላይ እየተወዛወዘ ጮኸ። ቅድስት ናት፤ በምስል ነው የደወለችው። ከእኔ ቀድማ እናንዬ አነሣችው፣ ጎባጣውን በሁለት እጇ ይዛ፣ «እንዴት ዋልሽ እናቴ፣ ሰገድሽ?» እያለች ጓዳ ገባች። ጉልባኑ ቀዘቀዘ። ስትመለስ ስልኩን እጄ ላይ አኖረችው።

«ስቅለትን ሲሰግድ የዋለ ነገር ሣጥን አላስገባም» አለችና ወደ ገበታው ቀረበች።

በማግስቱ ኪሴ ስከተው አንድ ነገር አየሁ። አይወጋም። የጎበጠው በጭኔ ልክ ነው፤ እግሬም መታጠፍ ጀመረ። አያ መልኬ ከበራቸው ላይ «ስልኩ ወጣልህ?» ሲሉኝ፣ «ገባልኝ» አልኋቸው።

እንግዲህ ስስና ትልቅ ስልክ ለዕለት ኪስ ይሆናል ወይ ላላችሁኝ፣ ይሆናል። አህያ ይችላል፣ ባጃጅ ይችላል። ስግደት ይከብደዋል፤ እሱም አይገድለውም። ቅድስት የሆነውን ስትሰማ ስቃ ስቃ ሲበቃት፣ ሌላ እልካለሁ አለች። እኔ አያስፈልግም አልሁ። እናንዬ ስልኩን ነጥቃኝ «ላኪ» አለች።

ለዳግማይ ትንሣኤ መጣ። ያው ዓይነት ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ጭረት የሌለበት። በሐር መሀረብ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። እንግዳ ሲመጣ እናንዬ ቁልፉን ከአንገቷ አውጥታ ትከፍትና «ሳትነኩ እዩት» ትላለች። ያያሉ፣ ያደንቃሉ፣ ይመለሳል። ቅድስት የደወለች እንደሆነ ግን ሁለታችንም የምንሮጠው ወደ ሱሪዬ ነው።