ባርኔጣ የተቀመጠበት ወንበር

የኛ ሰው ጨዋነቱን የሚያወጣው ለሚያውቀው ሰው ነው። ለማያውቀው ያለው ክርን ብቻ ነው። አትቆጡ… ካላመናችሁኝ ጠዋት አዳማ መናኸሪያ ሂዱና የሻሸመኔ አውቶቡስ ሲገባ ቆማችሁ እዩ። አሁን "ቤተሰብ ደህና? ከብቱ ደህና?" ሲባባል የነበረው ሕዝብ፣ በሩ ሲከፈት የገዛ አያቱን አያውቅም።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ከዳርኩ በኋላ ነው። ስለዚህ ግድግዳ ላይ የተጻፈ ነገር ሳላነብ አላልፍም። መናኸሪያው ግድግዳ ላይ "ተራ ጠብቀው ይግቡ" ይላል። ማንበብ ሳልችል ጌጥ ይመስለኝ ነበር። አሁን ችዬ ሳነበው፣ ለካ ጌጥ ነው።

ተሳፋሪ እኮ በበር ከመግባቱ በፊት በመስኮት ዕቃ ይወረውራል። ነጠላ፣ ጃኬት፣ ጋዜጣ… አንዴማ ጎመን አይቻለሁ። ዕቃው ያረፈበት ወንበር "ሰው አለው" ይባላል። ሰውየው ገና በር ላይ እየተጋፋ ነው፤ ጎመኑ ግን ተደላድሎ ተቀምጧል።

ያን ቀን እኔም ለትልቅ ጉዳይ ነበር የምሄደው፤ ለእህቴ ልጅ ሚስት ልንጠይቅ፣ አርሲ ነገሌ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ቀድመው ሄደው እዚያው አድረዋል፤ የቀረነው እኔና ጋቢዬ ነን። ልጁ በፍቅር ከስቶ ሱሪው ያለ ቀበቶ አይቆምለትም። የልጅቷ አባት ኦቦ ቱፋ ደግሞ፣ በዝና እንደሰማነው፣ ያልጣማቸውን ሰው ከደጃፍ የሚመልሱ ናቸው። እህቴ ስትሸኘኝ "ወንድምዓለም፣ እባክህ ምላስህን አዳማ ትተኸው ሂድ" ብላኛለች።

ጋቢዬን አጣጥፌ በመስኮት ወረወርኩ። በክርን በክርን ብዬ ስደርስ ከጋቢው ሥር ጥቁር ባርኔጣ ተቀምጧል። ዱላ የያዙ ሽማግሌ ከኋላዬ መጡና "ወንድሜ፣ ባርኔጣው የኔ ነው፤ ቀድሞ ገብቷል" አሉኝ፣ በትሕትና።

"ባርኔጣ ቂጥ የለው፤ ወንበር ምን ያደርግለታል?"

ባርኔጣውን በእጃቸው አስይዤ ቁጭ አልኩ። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻችኋለሁ። ሽማግሌው ቤታቸው እንግዳ እንደሚጠብቃቸውና ሌላ መኪና እስኪመጣ መቆየት እንደማይችሉ ለረዳቱ ነግረውት፣ በትርፍ ቆመው ተጓዙ።

ትርፍ መሆን ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ትራፊክ ፖሊስ በታየ ቁጥር ረዳቱ "አባባ፣ ጎንበስ!" ይላል። መቂ ላይ ጎንበስ። ባቱ ላይ ጎንበስ። አዳሚ ቱሉ ላይ ጎንበስ። ባጎነበሱ ቁጥር ፊታቸው ከፊቴ ጋር እኩል ይሆናል። ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። እኔ በመስኮት ሐይቁን አያለሁ። ሐይቅ በሌለበትም ሐይቅ ስፈልግ ነገሌ ደረስን።

ሽማግሌው ወርደው ሄዱ። እኔ ቀድመው ከመጡት ከሁለቱ ሽማግሌ ጓደኞቼ ጋር ሻይ ጠጥቼ፣ ጋቢዬን አስተካክዬ ለብሼ፣ ሦስታችን ወደ ልጅቷ ቤት አመራን።

ወጉን ታውቁታላችሁ፤ ሚስት ጠያቂ ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምነው። ከአባት አፍ "ተቀመጡ" የሚለውን መስማት ልጅቷን በግማሽ እንደማግኘት ነው። ሳሎኑ ውስጥ ሦስት ወንበር ተደርድሯል። ሦስተኛው ላይ… ጥቁር ባርኔጣ።

ኦቦ ቱፋ ዱላቸውን ይዘው ከጓዳ ብቅ አሉ። የኔው ሰውዬ። ጉዳያችንን ከሁለቱ ጓደኞቼ አንዱ፣ ጋሽ በላይ፣ ተናገረ፤ እኔ ምላሴን የምር አዳማ ትቼዋለሁ። አባትየው ሰምተው ሲጨርሱ ሁለቱን "ተቀመጡ" አሏቸው። ወደ እኔ ዞሩና፣

"ይቅርታ፣ ያኛው ወንበር ሰው አለው" አሉ።

ጋሽ በላይ ግራ ገብቶት የማን እንደሆነ ጠየቃቸው።

"የባርኔጣዬ ነው። የእርስዎ ጓደኛ እንዳሉት ያ ነገር ባይኖረውም ደክሞታል፤ ከአዳማ ድረስ ቆሞ ነው የመጣው።"

"ኦቦ፣ አላወቅሁዎትም እኮ…" አልኩ።

"እሱማ ገብቶኛል። ቢያውቁኝማ ተሸክመው ያመጡኝ ነበር።" ዱላቸውን ወደ መስኮቱ ቀሰሩ። "መቀመጥ ከፈለጉ መስኮቱ ክፍት ነው። አሠራሩን ያውቁታል።"

ጓደኞቼ አዩኝ። የእህቴ ልጅ ሱሪ ትዝ አለኝ። ወጣሁ። ቤቱን ዞሬ፣ ጓሮ ያሉት ሴቶች ድስታቸውን ትተው አፋቸውን ይዘው እያዩኝ፣ ጋቢዬን አጣጥፌ በመስኮት ወረወርኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ሽበቴ፣ በሰው ሳሎን መስኮት።

ከውስጥ አንድ ወፍራም ሳቅ ሰማሁ። ተመልሼ ስገባ ባርኔጣው አባትየው ራስ ላይ ወጥቶ፣ ወንበሩ ላይ ጋቢዬ ብቻውን ቁጭ ብሏል። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ "ሰው አለው?" ብዬ ጠየቅኩ።

"አሁን የለውም። ተቀመጡ" አሉኝ።

ከብዙ ምልልስ በኋላ ልጅቷ ተሰጠችን። የእህቴ ልጅ ዛሬ ሱሪው ጠቦታል። የተበላሸሁት እኔ ነኝ፤ አውቶቡስ ውስጥ ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ ካየሁ ብድግ እላለሁ። ጨዋ ሆኜ እንዳይመስላችሁ… እህቴ ገና ሁለት ያላገቡ ወንዶች ልጆች አሏት።