ፕሮቲኑ ነዳጅ ነው ፍሬን?

(የአይጦች ማቆያ ክፍል። ባልደረቦቹ «ሊቁ» የሚሉት ተመራማሪ በሩን ቆልፎ ለአይጦቹ ንግግር ሲያደርግ ይንኳኳል። ይከፍታል። አብራው የምትሠራው ተመራማሪ ናት፤ ረጋ ብላ ስለምታወራ «ዝግታ» ይሏታል።)

ሊቁ፦ በር አይንኳኳም አላልኩሽም? አይጦቹ ይደነግጣሉ።

ዝግታ፦ ሳላንኳኳ ስገባ ደግሞ አንተ ትደነግጣለህ።

ሊቁ፦ ንግግር እየተለማመድኩ ነው። ከሰዓት ኃላፊዎቹ በሙሉ ይመጣሉ።

ዝግታ፦ እሱን ልነግርህ ነበር። ስብሰባው...

ሊቁ፦ የስብሰባውን ነገር ለእኔ ተይው። የሙከራው ውጤት ምን ሆነ?

ዝግታ፦ አነቃቂውን ዕፅ ስወጋቸው... አይጦቹ በጣም ለቀቁ።

ሊቁ፦ (ወለሉን እያየ) ማን ለቀቃቸው?!

ዝግታ፦ ዶፓሚን ነው የለቀቁት። አንጎላቸው ውስጥ።

ሊቁ፦ እንደሱ በይ እንጂ! ያልኩት ደረሰ ማለት ነው። ያ የምናጠናው ፕሮቲን ነርቭና ነርቭ የሚገናኙበት ቦታ ቁጭ ብሎ ነዳጅ ይሰጣል፤ ዕፁ ሲመጣ የደስታው ንጥረ ነገር ይጎርፋል። ፕሮቲኑን አጥፊው፣ ሱስ ድራሹ ይጠፋል። በሱስ ለተያዘው ወንድሜም ነግሬዋለሁ።

ዝግታ፦ ለታናሽህ? ምን አልከው?

ሊቁ፦ መድኃኒትህ ደረሰ አልኩት። አለቀሰ እኮ።

ዝግታ፦ ውይ። ግን አብዝተው የለቀቁት አይጦች...

ሊቁ፦ በአጭሩ እመቤቴ፣ ዕድሜያችን አጭር ነው።

ዝግታ፦ ፕሮቲኑ የሌላቸው ናቸው።

(ሊቁ ዞሮ አይጦቹን ያያል። አንዲት አይጥ ትሮጣለች።)

ሊቁ፦ መሣሪያው ተበላሽቷል።

ዝግታ፦ እኔም እንደዚያ ብዬ በሌላ መሣሪያ ደገምኩት። ፕሮቲኑ ነዳጅ አይደለም፣ ፍሬን ነው። ብታጠፋለት ኖሮ ወንድምህን ፍሬኑን በጥሰህ ቁልቁለት ለቀቅከው ማለት ነበር።

ሊቁ፦ (ወንበር ላይ ዘፍ ይላል) አሁን ምን ብዬ ልደውልለት?

ዝግታ፦ ገና እየፈለግን ነው በለው። ከውሸት ተስፋ እሱ ይሻለዋል።

ሊቁ፦ ልክ ነሽ፣ እደውልለታለሁ። ንግግሬንስ? በዚች አጭር ጊዜ ውስጥ እንዴት አድርጌ እቀይረዋለሁ?

ዝግታ፦ ተወው። ስብሰባው ወደ ጠዋት ተዛውሮ አልቋል። ስልክህ ዝግ፣ በርህ ዝግ። ውጤቱን እኔ አቀረብኩት።

ሊቁ፦ አንቺ? በዚህ አነጋገርሽ? እንዴት እስካሁን ጨረስሽ?

ዝግታ፦ የሚያቋርጠኝ ሰው አልነበረማ።