ሰሚ ያለበት ስልክ

ድሮ ጆሮ ጠቢ ፊት ነበረው። መቱ ውስጥ የትኛው ጠጅ ቤት፣ የትኛው ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ እናውቃለን። ሲገባ ወሬው ወደ ዝናብ ይዞራል፤ ለእሱም ይቀዳለታል፤ ልጁ ሲታመምበት ሄደን እንጠይቀዋለን። ክፉ ነበር፤ ግን የኛው ክፉ ነበር። ዛሬ ሥራው የመስታወት ፎቅ ላለው፣ ማስታወቂያው ላይ ሰው ሁሉ ለሚስቅበት የቴክኖሎጂ ኩባንያ ተሰጥቷል አሉ። እስቲ እናንተ ብትሆኑ ለማን ትቀዳላችሁ?

ጎረቤቴ እትዬ አስካለ መላ አላጡም። ከቡሬና ከያዮ ማር እያመጡ የሚሸጡ ሴት ናቸው። ስልካቸው ኔትወርክ የሚይዝላቸው እኔ በረንዳ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ አዲስ አበባ ካለው ልጃቸው ከገመቹ ጋር ሲያወሩ ሳልፈልግም እሰማለሁ። (ከጆሮ ጠቢ እንዳትቆጥሩኝ፤ በረንዳው የኔ ነው።) ስልክ ይጠለፋል ሲባል ከሰሙ ወዲህ አንድ ልማድ ጀመሩ። "አካም ጂርታ ያ ኢልመ ኮ?" ብለው በኦሮምኛ የልጃቸውን ደህንነት ከጠየቁ በኋላ፣ "እርስዎም እዚያ ያሉት፣ እንደምን ዋሉ?" ይላሉ። ሁለት ሰው ካለበት አንዱን ሰላም ብሎ ሌላውን ማለፍ በእኛ አገር ነውር ነው። ሲዘጉም ሁለቱንም መርቀው ነው።

ገመቹ የኮምፒውተር ምሩቅ ነውና ይስቅ ነበር። ለመስቀል መጥቶ በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብለን ቆሎ ስንቆረጥም ግን ሳቁ ጠፋ።

"ሀርሜ፣ ያንን ሰላምታ ተይው" አላቸው እናቱን። "የሚሰማው ሰው አይደለም፤ ማሽን ነው። ለስለላ መሥሪያ ቤቱ የሠራለት የኛ ኩባንያ ነው።"

"ማሽኑ ኦሮምኛ ያውቃል?"

"ያውቃል። የኢሉባቦሩንም ጭምር።"

"ማን አስተማረው?"

ልጁ የጨበጠውን ቆሎ ሳህኑ ላይ መለሰና "እኔ ነኝ" አለ።

እትዬ አስካለ አልጮሁም፣ አልረገሙም። ያንን ቋንቋ አፉ ላይ ያስቀመጡለት እሳቸው ናቸው፤ አዝለውት ገበያ ሲወርዱ፣ አንድ በአንድ። በልጁም ለመፍረድ አልቸኮልኩም። እንጀራ ነው፤ ታናናሾቹ የሚማሩት በዚያው ደመወዝ ነው። እንጀራ ያልገባበት ኃጢአት ጥቂት ነው።

ከዚያ ወዲህ ገመቹ በየሳምንቱ ይደውላል፤ እሳቸውም ይመልሳሉ። ቡናው ደህና ነው። ዝናቡ ደህና ነው። እኛም ደህና ነን። ምርቃት የለ፣ ሐሜት የለ፣ "መቼ ነው የምታገባው?" የሚል ጭቅጭቅ የለ። ልጁ እናቴ ጭቅጭቁን ተወች ብሎ እፎይ ያለ ይመስለኛል።

ዘንድሮ ሐኪም ሆድዎ ውስጥ እብጠት አለና ኦፕራሲዮን ይደረግልዎ አላቸው። ለገመቹ ልደውልለት ብላቸው፣ "የሆዴን ነገር ለማሽን አልነግርም። ደውለህ ብትነግረው ሞቼም አልታረቅህም" አሉኝ። መሳቅ አማረኝ፤ ግን ልጃቸውን ሳያዩ ቢያልፉስ? ይህን እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ።

መደወል እንጂ መላክ አልተከለከልኩም። ቡና ጭነው አዲስ አበባ የሚወጡት ሐጂ ጀማል ዘንድ ሄጄ በጆሯቸው ነገርኳቸው። እሳቸውም ልጁን በአካል ፈልገው በጆሮው ነገሩት፤ አባቶቻችን ክፉ ወሬ እንደሚላላኩት ማለት ነው። በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍሮ መጣ። ሲደርስ እናቱ ከኦፕራሲዮን ወጥተው፣ ከስተው፣ ፊታቸው ጠውልጎ ተኝተዋል። ሐኪሙ ይድናሉ ብሎናል፤ ልጁ ግን ያየው ፊታቸውን ነው።

"ሀርሜ" አለ እንባው እየወረደ፣ "በየሳምንቱ እየደወልኩ እንዴት አትነግሪኝም?"

እትዬ አስካለ እጁን ሳብ አድርገው ያዙት።

"የምትሰማ መስሎኝ ነበር፣ ልጄ" አሉት።

ሻይ ላመጣ ብዬ ወጣሁ፤ በሩንም ቀስ አድርጌ ዘጋሁት።