ከጅቡቲ አየር የሚያስመጣው ሰው

በየከተማው አንድ የመጠባበቂያ ሰው አለ። ታውቁታላችሁ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ዣንጥላ የሚይዝ፣ ሰርግ ሲጠራ ምግቡ ቢያልቅስ ብሎ ቤቱ በልቶ የሚሄድ። የሰመራው ግን ከሁሉም ይልቃል። ክቡር መሀመድአሚን፣ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር፣ የመጠባበቂያዎች ሁሉ አለቃ! ይህን ከባለቤቱ ከሐቢባ በላይ የሚመሰክር የለም።

ሐቢባ ሰመራ ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት አላት። ከባቲ መጥታ ያገባችው አንድ ሰው ነበር፤ ዕቃው ግን የሁለት ሰው ሆኖ አገኘችው። ሁለት ስልክ፣ ሁለት መነጽር፣ በግራና በቀኝ እጁ ሁለት ሰዓት። "ምነው?" ስትለው፣ "አንዱ ቢበላሽስ?" ይላል። ለማንኛውም ጥያቄ መልሱ ይቺው ናት። ሁለቱ ሰዓቶች ተስማምተው ስለማያውቁ ግን መሀመድአሚን ስንት ሰዓት እንደሆነ ሁልጊዜ ከሰው ይጠይቃል።

እንዲህ ያለውን ሰው ጅቡቲ ወደብ ላይ አብዱልበሲጥ አገኘው። አብዱልበሲጥ የወሎ ልጅ ነው፤ የመርከብ ሆድ እየፋቀ የሚኖር ጠላቂ፣ በትርፍ ጊዜው ደግሞ የጠላቂዎች አሰልጣኝ። ሹፌራችን ጭነት እየጠበቀ በሚከርምባቸው ጊዜያት፣ አንድ የአየር ሲሊንደር በጀርባው አዝሎ መጥለቅን ከእሱ ተማረ። አንድ ቀን ታዲያ መምህሩን ሁለት ሲሊንደር ጎን ለጎን ታጥቆ አየው።

"ይሄ ምንድነው?"

"ባሕር ስር ዋሻ ስንገባ የምንይዘው ነው።"

"ለምን ሁለት?"

"አንዱ ቢበላሽስ?"

መሀመድአሚን እንባው መጣ። ዕድሜውን ሙሉ ሲስቁበት የኖሩበትን ነገር ሃይማኖት አድርገው የያዙ ሰዎች በዓለም ላይ አሉ!

"የዋሻውን ሥልጠና መዝግበኝ" አለ እዚያው።

"ቀስ በል" አለው አብዱልበሲጥ። "ዋሻ ጣሪያ አለው። ቢቸግርህ ወደ ላይ ተስፈንጥሬ እወጣለሁ ማለት የለም። አየር ቢያፈስ፣ እጅህን በትከሻህ ላይ ወደ ኋላ ሰደህ የሲሊንደሩን መዝጊያ ራስህ ትዘጋለህ፣ በሌላው ትተነፍሳለህ። ያውም ሳትንሳፈፍ፣ ሳትሰምጥ፣ ባለህበት ረግተህ። መጀመሪያ ሂድና ከሁለቱ ጋር ኑር። ከለመድካቸው እኔው መጥቼ አይሃለሁ። ካልለመድካቸው ዋሻውን እርሳው።"

"ከሁለቱ ጋር ኑር" የተባለውን ሹፌራችን ቃል በቃል ወሰደው። ከመምህሩ ሁለት ሲሊንደር ተውሶ፣ ከነአየራቸው በመኪናው ጭኖ ሲመጣ አንድ ኬላ ላይ አስቆሙት።

"ምንድነው የጫንከው?"

"አየር።"

"ባዶ ነው ማለት ነው?"

"ኧረ ሙሉ ነው።"

"በምን?"

"በአየር ነው ያልኩህ!"

ፈታሹ አለቃውን ጠራ። አለቃው ሲሊንደሮቹን በጣቱ አንኳኳ፣ ጆሮውን ለጠፈ፣ በመጨረሻም በአገር ፍቅር ተቆጣ፤ "አየር ከጅቡቲ? የእኛ ምን ጎደለው?"

ሰመራ ሲደርስ ደግሞ ክብደቱን ለመልመድ በማለዳ ታጥቋቸው መንገድ ለመንገድ ይንቆራጠጥ ጀመር። እዚህ አገር በጀርባው ዕቃ አዝሎ በየቤቱ ደጃፍ የሚያልፍ ሰው ሥራው አንድ ነው፤ የወባ ትንኝ መድኃኒት ይረጫል። ጎረቤታቸው እማማ ሙኒያ ምንጣፋቸውንና ፍራሻቸውን ውጭ አውጥተው፣ ግድግዳቸውን አራቁተው ጠበቁት። እሱ ሰላምታ ሰጥቶ አለፈ።

"አንተ! የእኔን ቤት ለምን ትዘላለህ? ትንኟ እኔን አትበላም?"

"እማማ፣ ይሄ እኮ አየር ነው።"

"አየሩንም ቢሆን ንፋልኝ! ሙቀቱ ገደለኝ እኮ!"

እጁን ወደ ኋላ መስደድን የማይለማመድበት ቦታ አልነበረም። ባጃጅ ውስጥ እጁን ሲያነሳ ክርኑ የሹፌሩን ኮፍያ ይጥላል። መስጊድ ሰላቱ አልቆ ሰዉ ሲጨባበጥ የእሱ እጅ ወደ ማጅራቱ ይሄዳል። ኢማሙ ትከሻውን አሞታል ብለው ዱዓ አደረጉለት፤ ጀመዓው ሁሉ "አሚን" አለ። ሐቢባም ትከሻውን በጥቁር አዝሙድ ቅባት ታሸዋለች።

ጓደኛዋ ኸሊዳ ምግብ ቤት ገብታ ትስቅባታለች። "እታለም፣ ሁሉን ነገር ሁለት ሁለት ካደረገ እንግዲህ የቀረችው ሁለተኛ ሚስት ናት።"

"ትምጣ" አለች ሐቢባ። "ሁለቱንም ሲሊንደር እሷ ትሸከምለታለች፤ እኔም አርፋለሁ።"

እንዲህ ትበል እንጂ ዋሻው ከሐሳቧ አልወጣም። ጣሪያ ያለው ውሃ! ሰግዳ ስትጨርስ እጇን ትዘረጋና ቃል ይጠፋታል። ፈተናውን እንዲያልፍ ትለምን? ካለፈ ዋሻ ይገባል። እንዲወድቅ ትለምን? ያ ሁሉ ደስታው በፊቷ ሊጠፋ ነው። ግራ ሲገባት "ያ ረቢ፣ አንተ ታውቃለህ" ብላ ትነሳለች።

ልምምዱ አዋሽ አካባቢ ካለ የምንጭ ኩሬ ውስጥ ነበር፤ ውሃው ለብ ያለ፣ እስከ ታች ጥርት ብሎ የሚታይ። አንድ መከራ ብቻ ነበር። ቤት ውስጥ እጁ መዝጊያው ላይ በቀላሉ ይደርሳል፤ ኩሬው ውስጥ አይደርስም። "ውሃው ነው የሚያሳጥረኝ" ይላል።

አብዱልበሲጥ ሊያየው ከጅቡቲ በመጣ ቀን ሐቢባም ምግብ ቤቷን ዘግታ አብራ ሄደች። መሀመድአሚን ከመኪናው ጀርባ ልብሱን በጠላቂዎች የጎማ ልብስ ለውጦ፣ ሲሊንደሮቹን ታጥቆ፣ ክንዶቹን እንደ ዶሮ ከፈት አድርጎ መጣ። ቢስሚላህ ብሎ ገባ፤ አብዱልበሲጥም ተከተለው። እጁን ሰደደ፤ ጆሮው ጋ ቀረ። ደገመ። ተንጋደደ፣ ተገለበጠ፣ እግሩ ወደ ላይ ወጣ።

ብቅ ሲሉ አብዱልበሲጥ አልሳቀም። "አንድ ዕድል ብቻ እሰጥሃለሁ። ካቃተህ ዋሻው ለአንተ አይደለም።"

መሀመድአሚን ዳር ላይ ተቀምጦ አጎንብሷል። ሐቢባ ውሃውን ልትጠርግለት ፎጣ ይዛ ተጠጋች። ያኔ ነው አንገቱ ላይ ያየችው። ከጎማው ልብስ ኮሌታ ስር ሌላ ኮሌታ አለ።

 ዝም ካለች ይወድቃል፤ ከወደቀ ቤቱ ይቀመጣል። ፎጣዋን አጥፋ መመለስ ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ፊቱን አየችው። ዒድ ቀን አዲስ ልብስ እንደተከለከለ ልጅ ሆኗል።

"አንተ ሰውዬ!" አለች። "ይሄ ከስር ያለው ምንድነው?"

"ልብስ ነው።"

"የላዩስ?"

"ልብስ።" ድምፁ ቀነሰ። "አንዱ ቢቀደድስ ብዬ ነው።"

አብዱልበሲጥ በሳቅ ውሃው ውስጥ ቁጭ አለ። "ሁለት የጎማ ልብስ ደርበህ? እንኳን ሲሊንደሩ ጋ፣ አፍንጫህ ጋስ እንዴት ደረስክ?"

"አውልቅ" አለች ሐቢባ።

"ሐቢባዬ፣ ቢቀደድስ?"

"ቢቀደድ ውሃው ሙቅ ነው፤ ትታጠባለህ!"

አንዱን አወለቀ። በትዳር ዘመናቸው አንድ ነገር ያለ መጠባበቂያ ለብሶ ሲሄድ ስታየው ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ራቁቱን የሄደ ይመስል ነበር። ውሃው ሲሸፍነው እሷ ዓይኗን ጨፈነች፤ ያን ጊዜ ዱዓው በራሱ መጣላት፤ "ያ ረቢ፣ አሳልፈው፤ ከገባበትም በሰላም መልስልኝ።"

መጀመሪያ የሰማችው የአብዱልበሲጥን ጩኸት ነው። "ማሻአላህ! ሁለቱንም በየተራ ዘጋ፣ ከፈተ፣ ንቅንቅ አላለም! እህቴ ሐቢባ፣ ሥልጠናው ሲጀመር ይዘሽው ነይ።"

"ዋሻው ውስጥ ከማን ጋር ነው የሚገባው?"

"ከእኔ ጋር ነዋ! ደፋርማ ወደቡን ሞልቶታል። እኔ እዚያ ጨለማ ውስጥ አየር ቢያልቅብኝ፣ ዘወር ስል ማየት የምፈልገው ይሄንን ፈሪ ነው።"

ሐቢባ "አልሐምዱሊላህ" አለች።

መሀመድአሚን ውሃ እያንጠባጠበ ብቅ አለ። ጥርሱ ብቻ ነው የሚታየው።

"አየሽኝ?"

"አላየሁህም። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።"

"እንግዲያው ልድገመው!"

"አየሩን ትጨርሰዋለህ!" ብሎ አብዱልበሲጥ ጮኸ። ማን ሰምቶት! ሹፌሩ ተመልሶ ገብቷል። ሐቢባ ድንጋዩ ላይ ተመቻችታ ተቀመጠች፤ ሻሿን ከግንባሯ ወደ ላይ ገፋ አድርጋ፣ ዓይኗን ሳትነቅል ወደ ታች ማየት ጀመረች።